ሥራ ስትይዢ ኪሮሹን አትተዪው

አንዲት እህታችን ከደብረ ብርሃን እንዲህ ብላ ጽፋለች፦ «ያደግኩት መሐል ሜዳ ነው። ዘንድሮ በአካውንቲንግ ተመርቄ አንድ ፋብሪካ ሂሳብ ክፍል ልጀምር ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ በኪሮሽ ሹራብና ዳንቴል እሠራለሁ። ወንድሜ ግን ‹አሁን የቢሮ ሰው ሆነሻል፤ ይሄን ጊዜ ኮርስ ውሰጅበት› ይለኛል። ልተወው?»

እህቴ፣ መጀመሪያ እንኳን ደስ አለሽ። ኪሮሹን ግን አትተዪው።

ወንድምሽ ላንቺው አስቦ ነው። ኮርስም ያስፈልግሻል፤ ኤክሴል በደንብ ካልቻልሽ ሂሳብ ክፍል ውስጥ ትቸገሪያለሽ። በሳምንት ሁለት ማታ ለእሱ ስጪ። ቀን ቫውቸር ስታገላብጪ ውለሽ ማታ ሁሉ ኮርስ ከሆነ ግን አእምሮሽ ከቁጥር የሚወጣበት ሰዓት ያጣል። ብዙዎቻችን ሲደክመን ስልክ እናነሳለን። ቲክቶክ ስናይ ሰዓቱ ይነጉዳል፣ የቀኑ ሐሳብ ግን እዚያው ነው። ክር ይዘሽ ረድፍ ስትቆጥሪ አለቃሽ የተናገረሽን ለማብሰልሰል ፋታ አይኖርሽም።

ይሄ የኔ ግምት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ የሳን ፍራንሲስኮ ስቴት ዩኒቨርሲቲው ኬቪን ኤሽልማንና ባልደረቦቹ 341 ሠራተኞችንና 92 የአየር ኃይል መኮንኖችን ጠይቀው ጥናት አሳትመዋል። ከሥራ ውጭ የፈጠራ ነገር የሚያዘወትሩት ከሥራ ድካም በተሻለ ሲያገግሙ፣ በሥራቸውም ሲበረቱ ታይተዋል። የመኮንኖቹን ሥራ የመዘኑት ደግሞ አብረዋቸው የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። እርግጥ ጥናቱ ሁለቱ አብረው እንደሚሄዱ አሳየ እንጂ ሹራብ የሠራ ሁሉ እድገት ያገኛል አላለም።

ሌላም አለ። ዳንቴል ላይ አንድ ቆጠራ ብትስቺ ወዲያው አይታወቅሽም። አምስት ስድስት ረድፍ ካለፈ በኋላ ጠርዙ ይጣመማል። ያኔ ክሩን ስበሽ እስከ ስህተቱ ድረስ ትፈቺዋለሽ። የባንኩ ሂሳብና የናንተ መዝገብ አልገጥም ሲልም የሚፈለገው ይኸው ነው፤ የሆነ ቁጥር ወትፎ ከመዝጋት ወደ ኋላ ተመልሶ ስህተቱን ማግኘት። ይሄን ትዕግሥት ኮርስ አያስተምርም። አንቺ ግን ከልጅነትሽ ጀምሮ እጅሽ ላይ አለ።

የአንኮበሩ ልጅ አፈወርቅ ተክሌ በ1947 እ.ኤ.አ. የማዕድን ምህንድስና እንዲማሩ እንግሊዝ ተልከው ሠዓሊ ሆነው ነው የተመለሱት። ይሄን ሰምተው ሥራ ለመልቀቅ የሚጣደፉ ወጣቶች ይገጥሙኛል። ያንቺ ጉዳይ ሌላ ነው። አካውንቲንጉን ወደሽዋል፣ ኪሮሹንም ወደሽዋል፤ አንዱን መምረጥ የለብሽም።

የምፈራልሽ ትዕዛዙን ነው። የደብረ ብርሃንን ብርድ ታውቂዋለሽ፤ ሹራብሽን ያየ ባልደረባ ሁሉ «ለኔም ሥሪልኝ» ማለቱ አይቀርም። ገንዘቡ ያጓጓል። ግን ቀጠሮና ወቀሳ ከመጣበት ሁለተኛ ሥራ ሆነ ማለት ነው፣ ማረፊያሽም ቀረ። ቢያንስ የመጀመሪያውን ዓመት ለራስሽና ለምትወጂው ሰው ብቻ ሥሪ።

ሰኔ 30 የበጀት ዓመቱ ሲዘጋ ታመሻላችሁ። ያን ሰሞን ኪሮሹን ብታስቀምጪው ቅር አይበልሽ፤ ሐምሌ ላይ ትቀጥያለሽ።