ይቅርታው ለአነጋገሩ ነው ወይስ ለመልሱ?

የተከበሩ የአምዱ አዘጋጅ፣

ልጄ 12 ዓመቱ ሲሆን የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ እሑድ እሑድም ሰንበት ትምህርት ቤት ይማራል። ባለፈው ሳምንት የሒሳብ መምህሩ የፈተና ወረቀት ሲመልሱ፣ የ240ን 15 ከመቶ ፈልጉ የሚለውን ጥያቄ ስሕተት ብለውበት አገኘ። እሱ 10 ከመቶው 24 ነው፣ የ24 ግማሽ 12 ነው ብሎ ሁለቱን ደምሮ 36 ጽፏል። መምህሩ ነጥብ የከለከሉት በክፍል ያስተማሩትን አሠራር አልተከተልክም በማለት ነው። ልጄም በተማሪዎች ሁሉ ፊት ተነሥቶ «እኔ ልክ ነኝ፤ የተሳሳትከው አንተ ነህ» አላቸው፤ ወዲያው «ወላጅ አምጣ» ተባለ።

ባለቤቴ «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» እያለ፣ በክፍሉ ፊት ተንበርክኮ ይቅርታ ይጠይቅ፣ ስለ ነጥቡም ዳግመኛ አያንሣ ይላል። እኔ ደግሞ መምህርን «አንተ» ማለቱ ቢያሳፍረኝም፣ መልሱ ትክክል ሆኖ ሳለ ተሳስቻለሁ እንዲል ማስገደድ ውሸት ማስተማር መስሎ ይሰማኛል። እኔ ራሴ «ዝም በይ» እየተባልኩ ያደግሁ ነኝ፤ እስከ ዛሬም በመሥሪያ ቤቴ የሚገባኝን ለመጠየቅ እፈራለሁ። ሰኞ ትምህርት ቤት ተጠርተናል። ምን ይመክሩናል?

የአንድ ልጅ እናት፣ ከአዲስ አበባ

ውድ እህቴ፣

ልጅዎ ይቅርታ መጠየቅ አለበት፤ ይቅርታው ግን «አንተ» ስላለበት አፉ እንጂ 36 ስላለበት መልሱ መሆን የለበትም። ቤታችሁን ያስጨነቀው ሁለቱ ባንድ ላይ መታሰራቸው ይመስለኛል።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 23 ላይ ያለውን ታሪክ ከልጅዎ ጋር አብራችሁ እንድታነቡት እለምናለሁ። ቅዱስ ጳውሎስ በሸንጎ ፊት ሲናገር ሊቀ ካህናቱ ሐናንያ አፉን እንዲመቱት አዘዘ። ጳውሎስ «በኖራ የተለሰነ ግድግዳ» ብሎ መለሰለት፤ በሕግ ልትፈርድ ተቀምጠህ ያለ ሕግ ታስመታኛለህን አለው። የሰደብከው ሊቀ ካህናቱን ነው ሲሉት ግን፣ ሊቀ ካህናት መሆኑን አለማወቁን ገልጾ፣ በሕዝብህ አለቃ ላይ ክፉ ቃል አትናገር የሚለውን ሕግ በገዛ አንደበቱ ጠቀሰ። ያነሣው ስድቡን ብቻ ነው፤ ያለ ሕግ መመታቱን ልክ ነበር አላለም፣ ጉዳዩንም እስከ ቄሣር ይግባኝ ድረስ ተከታተለው። ለ12 ዓመት ልጅ ይህን ማሳየት ከብዙ ተግሣጽ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ፤ ልክ የነበረ ሰው በአነጋገሩ ሊያጠፋ እንደሚችል፣ ጥፋቱን ማመኑም እውነቱን እንደማያስጥለው ያይበታልና።

ዳንኤልም የንጉሡን መብል ላለመብላት በልቡ ቢወስንም ገበታ አልገለበጠም። የጃንደረቦቹን አለቃ ለመነ፤ ሰውየው ንጉሡን እንደሚፈራ ቢነግረው ደግሞ ፍርሃቱን ንቆ ሳያልፍ፣ ጠባቂያቸውን ለ10 ቀን በጥራጥሬና በውኃ ፈትነን አለው። ልጅዎም በመምህሩ ቦታ ሆኖ እንዲያስብ ይርዱት፤ አሠራሩን ማየት የፈለጉት ተማሪው ራሱ ሠርቶት ይሁን ከጎኑ ቀድቶት ይሁን ሌላ መለያ ስላጡ ሊሆን ይችላል።

በባለቤትዎ አሳብ የማልስማማው በማንበርከኩ ላይ ነው። ልጆች ለወላጆቻችሁ ታዘዙ የሚለው የኤፌሶን ምዕራፍ 6 ቃል፣ ጥቂት ዝቅ ብሎ አባቶችን ልጆቻችሁን አታስቈጡ ይላል። በጓደኞቹ ፊት የተንበረከከ ልጅ ቂም እንጂ አክብሮት ይዞ እንዳይመለስ እሰጋለሁ። በማዕድ ላይ ስለ አለቆቻችንና ስለ ትራፊክ ፖሊሱ የምንናገረውን ልጆቻችን እንደሚሰሙም አንርሳ።

አክብሮት ግን ሁልጊዜ መታዘዝ አይደለም፤ ይህንም አሁኑኑ ሊያውቅ ይገባል። አቡነ ጴጥሮስ አርበኞችን እንዲያወግዙ በፋሺስቶች ቢጠየቁ እምቢ ብለው፣ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በጥይት ተገድለዋል። ለልጅዎ ዕድሜ ይበልጥ የሚቀርበውን ደግሞ በግልጽ ይንገሩት፦ መምህርም ይሁን ዘመድ ወይም የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ፣ ሰውነቱን ያለ አግባብ የሚነካውን፣ እንዲዋሽ የሚያዝዘውን ወይም «ለእናትህ እንዳትነግር» የሚለውን አዋቂ እምቢ ብሎ ያን ዕለት ለእናንተ ይንገር፤ እናንተም ሳትቈጡ ስሙት።

ሰኞ ሁለታችሁም ሂዱ፤ መጀመሪያ የሚናገረው ግን ልጁ ይሁን። እሑድ ማታ አብራችሁ ተለማመዱት፦ «ቲቸር፣ በክፍል ውስጥ የተናገርኩበት መንገድ ጥፋት ነበር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ጥያቄውን በሌላ መንገድ ነው የሠራሁት፤ ጊዜ ሲኖርዎ ላሳይዎት?» ጥፋቱን በተማሪዎች ፊት ስለፈጸመ፣ መምህሩ ከፈቀዱ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር በክፍልም ቆሞ ይድገመው። መምህሩ ነጥቡን ባይመልሱ ደብተሩን ይዘው ወደ ዩኒት ሊደሩ፣ ካስፈለገም ወደ ርዕሰ መምህሩ የሚሄዱት እርስዎ ይሁኑ፤ በመሥሪያ ቤትዎ የሚያስፈራዎትን መጠየቅ እዚህ ሲያደርጉት ልጅዎ አጠገብዎ ቆሞ ይይዎ።