መልስ፦ ቪሺ በአንድ ቀን

"ጠዋት ከፓሪስ ወጥቼ የፈረንሳይን የፍልውሃ ከተማ ቪሺን አይቼ ማታ መመለስ እችላለሁ? የምንጩን ውሃስ እንዳሻኝ መጠጣት ይቻላል?" ላልሽው፦

ደርሶ መልሱ ይቻላል። ባቡሩ የሚነሳው ከቤርሲ ጣቢያ ነው፤ ብዙ ሰው ጋር ደ ሊዮን ወደሚባለው ሌላው የፓሪስ ጣቢያ ሄዶ ያመልጠዋል። መንገዱ 3 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ከዚያ በእግርሽ ወደ ምንጮቹ ፓርክ ሂጂና ቀና በይ፤ የመተላለፊያው የብረት ጥላ ለ1889ኙ የፓሪስ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን የተሠራ ነው። ኦፔራ ቤቱን አትለፊው፤ ሐምሌ 10 ቀን 1940 የፈረንሳይ ፓርላማ ከናዚ ጀርመን ጋር ለተባበረው ለማርሻል ፔታን ሙሉ ሥልጣን የሰጠው እዚያ ነው። ጊዜ ከተረፈሽ በአሊዬ ወንዝ በኩል የናፖሊዮን ሣልሳዊ ዘመን ቤቶች አሉ። (ቀኑና ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው።)

ውሃውን በተመለከተ፣ ለጎብኚ የሚሆነው ሴሌስታን የሚባለው ምንጭ ነው፤ ቀዝቃዛ፣ ጋዝ ያለው፣ ጨው ጨው የሚል። በሊትር 1.2 ግራም ገደማ ሶዲየም ስላለው አንድ ብርጭቆ ይበቃል፤ ደም ግፊት ካለብሽ ቅመሽና ተዪው። እንደ ሾሜል ያሉት ፍልውሃዎች (43 ዲግሪ ገደማ) በሐኪም ትእዛዝ ተለክተው የሚጠጡ ናቸው፣ እንደ ጠበል በጀሪካን አይቀዱም። ብትቀጂም ጋዙ ይወጣና ካልሲየሙ ነጭ ሆኖ ታች ይዘቅጣል።