ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ በማደንዘዣ ማሽን ላይ ያለው ነጭ ፍሬ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምጽፈው ከባሕር ዳር ነው። እናቴ በሚቀጥለው ሳምንት የእንቅርት ኦፕራሲዮን ትሆናለች። ማደንዘዣ የሚማረው ወንድሜ «ማሽኑ ላይ ያለው ነጭ ፍሬ ካልተቀየረ በሽተኛው የራሱን ትንፋሽ መልሶ ይስባል» ካለኝ ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። እውነት ነው? ብጠይቃቸውስ ይቆጡኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ወንድምሽ እውነቱን ነው። ግን ግማሹን ብቻ ነው የነገረሽ።

እናትሽ ከተኙ በኋላ የሚያስወጡት ትንፋሽ በሙሉ አይጣልም። ውስጡ ገና ኦክስጅንና የማደንዘዣ ጋዝ ስላለ በቱቦው ዞሮ ይመለሳል። መቅረት ያለበት ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ነው፤ አንድ አዋቂ በደቂቃ 200 ሚሊ ሊትር ገደማ ያስወጣል። እሱን የሚይዘው ሶዳ ላይም የምንለው ነጭ ፍሬ ነው። አብዛኛው፣ ከመቶ 80 ያህሉ፣ ውሃ የጠጣ ኖራ ነው። አዎ፣ ያው የምናውቀው ኖራ። ወደ ጢስ አባይ ፏፏቴ ስትሄጂ የምትሻገሪው የአላታ የድንጋይ ድልድይ በ17ኛው ክፍለ ዘመን በኖራ ተያይዞ ነው የተሠራው፤ ያ ኖራ ከአየር ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ቀስ በቀስ ድንጋይ ሆነ። ማሽኑ ውስጥም የሚሆነው ይኸው ነው፣ እዚህ ግን በጣም ይፈጥናል። ለዚህ ነው አዲሱ ፍሬ በጣት ሲጫኑት የሚፈርሰው፣ ያለቀው ደግሞ የሚጠነክረው።

ፍሬው ሲያልቅ ወደ ወይን ጠጅ ቀለም ይለወጣል። ችግሩ ሌሊቱን ካረፈ ተመልሶ ሊነጣ መቻሉ ነው። አንድ ጠዋት እኔም ነጭ ነው ብዬ ሥራ ጀመርኩ፤ ብዙም ሳይቆይ ካፕኖግራፉ ላይ፣ ማለትም በትንፋሹ ውስጥ ያለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ በሚለካው ስክሪን ላይ፣ በሽተኛው አየር ሲስብ ወደ ዜሮ መውረድ የነበረበት መስመር አልወርድ አለ። ወዲያው ንጹሕ ጋዙን ጨመርኩ፣ ፍሬውም ተቀየረ፣ መስመሩ ወረደ። በሽተኛው ምንም አልሆነም። ከዚያ ወዲህ ቀለሙን ብቻ አላምንም።

ሌላም አለ። ዓርብ ማታ ኦክስጅኑ ሳይዘጋ ከታደረ ፍሬው እስከ ሰኞ ይደርቃል። የደረቀ ፍሬ ከአንዳንድ የማደንዘዣ ጋዞች ጋር ሲገናኝ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሊያወጣ ይችላል፤ በተዘጋ ቤት ውስጥ የከሰል ጭስ ሰው የሚገድልበት ማለት ነው። ይህንን ካፕኖግራፉ አያሳይም፣ ጣት ላይ የሚደረገው የተለመደው የኦክስጅን መለኪያም ያታልላል። ስለዚህ ሥራ ሲያልቅ ጋዙን መዝጋት፣ የደረቀ መስሎ ከታየም መቀየር ነው።

መጠየቁን በተመለከተ፣ ጠይቂ! ማንም አይቆጣሽም፣ ቢቆጣሽም አንቺ አላጠፋሽም። ከኦፕራሲዮኑ በፊት የማደንዘዣ ባለሙያው እናትሽን ሊያይ ሲመጣ «ካፕኖግራፍ አላችሁ? ሶዳ ላይሙስ መቼ ተቀየረ?» በይው፣ በትህትና።

እኔ ግን ለእናትሽ ከሶዳ ላይሙ ይበልጥ የሚያሳስበኝ እንቅርቱ ራሱ ነው። በጀርባቸው ሲተኙ ያፍናቸዋል? ድምፃቸው ተለውጧል? ሲውጡ ይይዛቸዋል? እንቅርቱ የአየር ቧንቧቸውን ተጭኖ ከሆነ ቱቦ ማስገባቱ ሊከብድ ስለሚችል፣ ይህን ባለሙያው ሳይጠይቅሽም አስቀድመሽ ንገሪው።