ጠዋት ጠዋት እምቢ የሚል ኮምፒውተር

ጥያቄ፦ ደሴ ፒያሳ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሥራ አለኝ። ዴስክቶፑን ጠዋት ስከፍተው የአምራቹ አርማ ብቅ ይልና ድርግም ብሎ ይጠፋል፤ ራሱ ይነሣል፣ ደግሞ ይጠፋል። ሦስት አራት ጊዜ እንዲህ ሲያደርግ ቆይቶ ይነሣና እስከ ማታ ምንም አይለውም። ፎርማት አስደረግሁት፣ ለውጥ የለም። ራም ነው የሚሉኝ አሉ፣ ማዘርቦርድ ነው የሚሉም አሉ። የቱን ልግዛ?

መልስ፦ ለጊዜው ምንም አይግዙ። ከጻፉልን ሁሉ ትልቁ ፍንጭ «እስከ ማታ ምንም አይለውም» የሚለው ነው። የተበላሸ ራም (የኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማስታወሻ) ቀን ላይም፣ በተለይ ሥራ ሲበዛበት፣ ማስቸገሩ አይቀርም። ሲቀዘቅዝ ብቻ የሚያስቸግር ማሽን ብዙውን ጊዜ ፓወር ሰፕላዩ (ከሶኬት የሚገባውን ኃይል ለኮምፒውተሩ ክፍሎች የሚያከፋፍለው ሣጥን) የደከመበት ነው። ፎርማቱማ ከንቱ ድካም ነበር፤ የአምራቹ አርማ ሲታይ ዊንዶውስ ገና ሥራ አልጀመረም።

ፓወር ሰፕላይ ውስጥ ያሉት ካፓሲተሮች (ኃይል አጠራቅመው የሚያስተካክሉ ዕቃዎች) ፈሳሽ የያዙ ናቸው። ሲያረጁ ፈሳሹ ይደርቃል፣ ብርድ ሲጨመርበት ደግሞ ኃይሉን አስተካክለው መስጠት ያቅታቸዋል። ማዘርቦርዱ (ክፍሎቹ ሁሉ የሚሰኩበት ዋና ሰሌዳ) «ኃይሉ ተስተካክሏል» የሚል ምልክት ከፓወር ሰፕላዩ ካልደረሰው አይነሣም፤ ምልክቱ መሐል ላይ ከተቋረጠም ወዲያው ሪስታርት ያደርጋል። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ሙከራ ካፓሲተሮቹ ሞቅ ስለሚላቸው ይነሣል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የታኅሣሥ ሌሊት የተዘጋ ሱቅ ምን ያህል እንደሚቀዘቅዝ ለእርስዎ አይነገርም።

አንድ ሌላ ተጠርጣሪ ግን አለ፦ ፎቶ ኮፒው። ማሽኑ ሲነሣ ቀለሙን ወረቀት ላይ የሚያጣብቀውን ክፍል ለማሞቅ 1,000 ዋትና ከዚያ በላይ ሊስብ ይችላል። ሁለቱም በአንድ ዲቫይደር ላይ ከሆኑ በዚያች ቅጽበት ቮልቴጁ ይወርዳል። ለመለየት፣ ነገ ጠዋት ፎቶ ኮፒውን ሳያበሩ ኮምፒውተሩን ብቻ በቀጥታ ከግድግዳ ሶኬት ያስነሡት። በአንዴ ከተነሣ መስመሩን ይለያዩ፤ አሁንም ካንገራገረ ፓወር ሰፕላዩን ይጠርጥሩ። (ዩፒኤስ ካለዎት ፎቶ ኮፒም ሆነ ሌዘር ፕሪንተር አይሰኩበት፤ አቅሙን ያልፉታል።)

ባለሙያ በቴስተር ሲለካ የቴስተሩን አንድ ጫፍ ጥቁር ሽቦ ላይ ያደርጋል። ቢጫው ከ11.4 እስከ 12.6 ቮልት፣ ቀዩ ከ4.75 እስከ 5.25፣ ብርቱካናማው ከ3.14 እስከ 3.46 ማሳየት አለበት። ቁም ነገሩ የሚለካበት ሰዓት ነው። ከሰዓት በኋላ ተሸክመው ጥገና ቤት ቢወስዱት ቁጥሩ ሁሉ ደህና ይሆንና «ምንም የለውም» ተብለው ይመለሳሉ። ስለዚህ ጠዋት፣ እምቢ በሚልበት ሰዓት፣ ሱቅዎ ድረስ መጥቶ ይለካ። ከዚህም የሚሻለው ደህና መሆኑ የታወቀ ፓወር ሰፕላይ ተውሶ አንድ ሌሊት ማሳደር ነው፤ ቴስተር የኃይሉን ፈጣን መንቀጥቀጥ አያሳይምና።

አዲስ ሲገዙ አሮጌውን አስፈትተው ይዘው ይሂዱ። ያገለገሉ ሆነው የሚገቡ ዴልና ኤችፒ የቢሮ ኮምፒውተሮች ብዙዎቹ የተለመደው ባለ 24 ፒን መሰኪያ የላቸውም፤ ከላይ ያልነው የሽቦ ቀለምም ለእነሱ ላይሠራ ይችላል። ተጨማሪ ግራፊክስ ካርድ ለሌለው የጽሕፈት ማሽን እውነተኛ 300 ዋት ይበቃል። ተለጣፊው ላይ 500 ተብሎ የተጻፈበት ግን ሲያነሡት እንደ ባዶ ካርቶን የሚቀል ዕቃ አይመኑ። የፓወር ሰፕላዩን ሣጥን ራስዎ እንዳይከፍቱ፤ ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ውስጡ ከ300 ቮልት በላይ ሊቆይ ይችላል።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ የምማር ተማሪ ነኝ። የላፕቶፔ ባትሪ ስለሞተ በቻርጀር ብቻ ነው የምሠራው። መብራት ድንገት ከጠፋ ወዲህ የዊንዶውስ አርማ ላይ ክቧ እየዞረች ስታክ ያደርጋል። ፎርማት ይደረግ አሉኝ፤ የመመረቂያ ጽሑፌ ግን ውስጡ ነው።

መልስ፦ እንዳያስደርጉት። ፎርማት ጽሑፉ ከወጣ በኋላ የሚታሰብ ነገር ነው።

መጀመሪያ ፍላሽ፣ ማውስ፣ ፕሪንተር፣ የተሰካውን ሁሉ ይንቀሉ። ቻርጀሩን ነቅለው፣ ባትሪው የሚወጣ ከሆነም አውጥተው፣ የማብሪያውን ቁልፍ ለ30 ሰከንድ ተጭነው ይያዙ፤ ከዚያ ቻርጀሩን ብቻ ሰክተው ያብሩት። የሃርድ ዲስኩ መብራት ብልጭ ብልጭ የሚል ከሆነ ግማሽ ሰዓት ይታገሡት፤ ዊንዶውስ ዲስኩን እየፈተሸ ሊሆን ይችላል።

ካልሆነ፣ ክቧ ስትዞር የማብሪያውን ቁልፍ ተጭነው ያጥፉት። ይህን ሁለት ሦስት ጊዜ ሲደግሙት ዊንዶውስ 10 እና 11 የመጠገኛ ገጹን ራሱ ይከፍታል። ትራብልሹት፣ አድቫንስድ ኦፕሽንስ፣ ስታርትአፕ ሴቲንግስ፣ ሪስታርት ብለው ይግቡና 4 ቁጥርን ይጫኑ፤ ይህ ሴፍ ሞድ ነው፣ ዊንዶውስ በጣም አስፈላጊ በሆኑት ነገሮች ብቻ የሚነሣበት። (ስታክ ሳያደርግ እየጠፋ ለሚነሣ ኮምፒውተር ደግሞ እዚያው 9 ቁጥር አለ፤ ሪስታርቱን ያስቆምና ሰማያዊው ገጽ ላይ የተጻፈውን ለማንበብ ጊዜ ይሰጣል።) ሴፍ ሞድ ከተከፈተ ምንም ከመነካካትዎ በፊት ጽሑፉን ፍላሽ ላይ ይገልብጡ። መንገድ ላይ 48 አኃዝ ያለው ቁልፍ ከጠየቀዎት ዲስኩ በቢትሎከር (በዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ) ተቆልፏል ማለት ነው፤ ቁልፉን የማይክሮሶፍት አካውንትዎ ውስጥ ይፈልጉት።

ሴፍ ሞድም ካልተከፈተ በጓደኛ ኮምፒውተር ላይ ኡቡንቱን (ከፍላሽ ላይ ሊነሣ የሚችል፣ እንደ ዊንዶውስ ያለ ነፃ ሥርዓት) በ8 ጊጋባይት ፍላሽ ያዘጋጁ። ላፕቶፑን ሲያበሩ በዴልና በሌኖቮ ኤፍ 12፣ በኤችፒ ኤፍ 9 ተጭነው ከፍላሹ ያስነሡትና «ትራይ ኡቡንቱ» የሚለውን ይምረጡ። «ኢንስቶል» የሚለውን ከነኩ ያዳኑት መስሎዎት ያጠፉታል። ፋይሎቹን ወደ ሌላ ፍላሽ ይገልብጡ።

ቼክ ዲስክ የሚባለውን ፍተሻ የሚያስኬዱት ከዚህ በኋላ ነው። ብዙ ሰው ቅደም ተከተሉን ይገለብጠዋል። ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካለው ወይም ፋይል ሲገለበጥ በጣም የሚንቀራፈፍ ከሆነ ቼክ ዲስክ ዳር እስከ ዳር እንዲያነብ አስገድዶ ይጨርሰዋል። እንዲህ ያለው ዲስክ ይቀየራል እንጂ አይጠገንም። ደህና ከሆነ ግን እዚያው አድቫንስድ ኦፕሽንስ ውስጥ ያለው ስታርትአፕ ሪፔርና ቼክ ዲስክ አብዛኛውን ጊዜ ያስነሡታል። የሞተውን ባትሪም ይተኩት፤ መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑን በሥራ ላይ እንዳለ ከመቋረጥ የሚያድነው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ሱቅ ውስጥ ያለው ኮምፒውተራችን በየጠዋቱ ቀኑ ወደ ኋላ ተመልሶ ያድራል፤ ኤፍ 1 ካልተጫነም አይነሣም።

መልስ፦ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሳንቲም የምታክል ባትሪ አልቃለች። ሲ አር 2032 ብለው ይጠይቁ፤ 3 ቮልት ናት፣ ከ2.7 በታች ከወረደች አትረባም። ሶኬቱን ነቅለው፣ የመደመር ምልክቷን ወደ ላይ አድርገው ይክተቷት። ከዚያ በኤፍ 2 ወይም በዲሊት ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሣው የኮምፒውተሩ ማስተካከያ) ውስጥ ገብተው ቀኑን ያስተካክሉ። ዊንዶውስ ሰማያዊ ገጽ እያሳየ ሪስታርት ማድረግ ከጀመረ፣ ባዮስ ውስጥ ሳታ ሞድ የሚለው (ኮምፒውተሩ ዲስኩን የሚያነብበት መንገድ) ባትሪዋ ስታልቅ ተቀይሮ ይሆናልና ወደ ኤ ኤች ሲ አይ ይመልሱት፤ ደህና ከተነሣ ግን አይንኩት።

ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር ያስገቡ። የእኛን ዓመተ ምሕረት ከሞሉበት ድረ ገጾች የደኅንነት ስሕተት እያሉ አይከፈቱም። ሰዓቱም እንዲሁ ነው፦ ጠዋት 3 ሰዓት ከሆነ 9 ብለው ይሙሉ።