መልስ፦ መከላከያ መድኃኒት ከተወሰደ በኋላ የኤችአይቪ ምርመራ መቼ ይደረግ?

ጠያቂያችን፣ ለ28 ቀናት የታዘዘልዎትን የመከላከያ መድኃኒት በጨረሱ ማግስት ተመርምረው ነፃ መባልዎን ገልጸው፣ ሌላ ምርመራ ያስፈልግዎ እንደሆነ ጠይቀዋል። ውጤቱ መልካም ምልክት ነው፤ ሆኖም የመጨረሻ አድርገው እንዳይወስዱት አደራ እላለሁ።

ከጣት ጫፍ በሚወሰድ ጠብታ ደም የሚሠራው ፈጣን ምርመራ በአብዛኛው የሚፈልገው ቫይረሱን ራሱን ሳይሆን ሰውነት እርሱን ለመዋጋት የሚያመርታቸውን ፀረ እንግዳ አካላት ነው፤ እነዚህም በምርመራ ለመታየት መድኃኒት ባልወሰደ ሰው እንኳ ሳምንታት፣ አንዳንዴም እስከ 3 ወር ይፈጅባቸዋል። መድኃኒቱ ደግሞ የቫይረሱን መራባት ስለሚገታ፣ መከላከሉ ባልተሳካበት አጋጣሚ ይህንኑ ምላሽ ይበልጥ ሊያዘገየው ይችላል።

ስለዚህ ከተጋለጡበት ዕለት ቆጥረው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ አንድ ጊዜ፣ 12 ሳምንት ሲሞላ ደግሞ ለማረጋገጫ ይመርመሩ። ሐኪምዎ መድኃኒቱን ከጨረሱበት ቀን ተነሥቶ ዘግየት ያለ ቀጠሮ ከሰጠዎት የእርሱን ይከተሉ፤ መድኃኒቱን ሳይወስዱ ያለፉበት ቀን ካለም ሳይደብቁ ይንገሩት፤ ይህን መናገር ፈጽሞ የሚያሳፍር አይደለም።

እስከዚያው ኮንዶም ይጠቀሙ፣ ደም አይለግሱ። ትኩሳት፣ የጉሮሮ ሕመም፣ የቆዳ ሽፍታ ወይም የንፍፊት እብጠት ካጋጠመዎት ቀጠሮዎን ሳይጠብቁ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። ዳግም ከተጋለጡም ያለፈው መድኃኒት ስለማይከላከልልዎት፣ 72 ሰዓት ሳያልፍ፣ ቢቻል በዚያው ዕለት፣ እንደ አዲስ መጀመር ይኖርብዎታል።