ለትሮምቦን ተማሪዎች፦ ከጎናችሁ ያለውን ስሙ

ውድ ልጆቼ፣

ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁኝ ስለ ሶሎ፣ ብቻን ስለ መጫወት፣ ነው። እኔ ግን በቢግ ባንድ (በትልቅ የጃዝ ባንድ) የኖርኩት ዕድሜ አብዛኛው ከጎኔ የተቀመጠውን ሰው በመስማት ያለፈ ነው፤ ስለሱ ልጻፍላችሁ።

ትሮምቦን እንደ ሳክስፎን ቁልፍ የለውም። ተንሸራታቹ ቱቦ የሚቆምባቸው 7 ቦታዎች አሉ፤ ምልክት ግን የላቸውም፣ ጆሮ ነው የሚያገኛቸው። ቱቦው በረዘመ ቁጥር ደግሞ በቦታዎቹ መካከል ያለው ርቀት ይሰፋል። በባንዱ ውስጥ ጎን ለጎን ከምትቀመጡት አራት ትሮምቦን ተጫዋቾች አንዱ ጥቂት ቢስት የሁላችሁም ድምፅ ይበላሻል። ስለዚህ በየቀኑ አንድን ድምፅ አርዝማችሁ መያዝ ተለማመዱ። አሰልቺ ነው፤ ምትክ ግን አላገኘሁለትም። አንደኛ ትሮምቦን የሚጫወተው የት እንደሚተነፍስ በእርሳስ ኖታችሁ ላይ ምልክት አድርጉ፤ እሱ ድምፁን ሲቆርጥ እናንተም ቁረጡ።

አሜሪካዊቷን የጃዝ ትሮምቦን ተጫዋችና አቀናባሪ ሜልባ ሊስተንን እንድታውቋት እፈልጋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1926 በካንሳስ ሲቲ ተወለደች፤ በ1940ዎቹ ገና ልጅ ሳለች በጄራልድ ዊልሰን ቢግ ባንድ ውስጥ ትሮምቦን ትጫወት ነበር። ሴት ትሮምቦን ይዛ ማየት ብርቅ በነበረበት ዘመን ማለት ነው። ከባንድ ጋር መዞሩ ሲያደክማት በሎስ አንጀለስ የትምህርት ቦርድ የቢሮ ሥራ ይዛ ቆየች፤ በ1956 ግን ከትራምፔት ተጫዋቹ ከዲዚ ጊለስፒ ባንድ ጋር ወደ መካከለኛው ምሥራቅና ደቡብ አሜሪካ ተጓዘች። ለቤት ኪራይ ብላችሁ ሌላ ሥራ ብትይዙ ከሙዚቃ የወጣችሁ አይምሰላችሁ።

ከሁሉ በላይ የማከብርላት ግን ቅንብሯን ነው። ከትሮምቦኖቹ መካከል ተቀምጦ የሚጫወት ሰው ከላይ ትራምፔቱን፣ ከሥር ባሱን ይሰማል፤ መሐሉን የሚሞላው እሱ ነው። ሜልባ ያን የሰማችውን ለሌሎች ጻፈችው፤ በተለይ ለፒያኒስቱ ራንዲ ዌስተን። በ1985 ስትሮክ መጥቷት ትሮምቦኑን ለማስቀመጥ ተገደደች። ቢሆንም በኮምፒውተር እየታገዘች ማቀናበሯን ቀጠለች። የእኔም ከንፈር ዛሬ እንደ ድሮው አይታዘዘኝም፤ ጠዋት ተነሥቼ የምቀመጥበት ሥራ ያተረፈልኝ በወጣትነቴ የተማርኩት ኖታ መጻፍ ነው።

ስለዚህ እስክትበስሉ አትጠብቁ። በትዝታ ቅኝት የተዜመ፣ ከልጅነታችሁ የምታውቁትን አንድ ዜማ ውሰዱና ለሦስት ትሮምቦን ጻፉት። ዜማውን ለጓደኛችሁ ስጡት፤ እናንተ የመሐሉን ድምፅ ተጫወቱ።