ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ እኔና እህቴ በአንድ ሌሊት አንድ ህልም አየን

ጥያቄ፦ ዶክተር እንደምን አሉ። እኔ 27 ዓመቴ ነው ታናሽ እህቴ 22፣ አንድ ክፍል ተከራይተን አንድ አልጋ ላይ ነው የምንተኛው። እናታችን ካረፈች 2 ወር ሊሞላት ነው። አርባዋ በወጣ በሳምንቱ ሁለታችንም በአንድ ሌሊት እማዬን በህልማችን አየናት፣ ነጠላዋን ተከናንባ በር ላይ ቆማ ስትጠራን። ከዛ ወዲህ እህቴ ሌሊት ትነቃና መንቀሳቀስ ያቅታታል፣ የሆነ ነገር ደረቴ ላይ ተቀምጧል ትላለች። ጠዋት ጠዋት ሁለታችንንም ራሳችንን ያመናል። ጎረቤቶች ልትወስዳችሁ ነው ስላሉን ፈርተን መብራት ሳናጠፋ ነው የምንተኛው። በሽታ ይሆን?

መልስ፦ እህቴ መጀመሪያ እናታችሁን ነፍስ ይማር፣ መፅናናቱን ይስጣችሁ። ቅር አይበልሽና እኔ ከህልሙ በፊት የያዝኩት ጣል አድርገሽ ያለፍሻትን ራስ ምታት ነው። ማታ ቤት ውስጥ ከሰል ታቀጣጥላላችሁ? ቡና አፍልታችሁ ፍሙን ለሙቀት ብላችሁ እዛው ትታችሁት በርና መስኮት ዘግታችሁ ትተኛላችሁ? ከሆነ ከዛሬ ማታ ጀምሮ ምድጃው ውጪ ይደር። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፣ ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል፣ ራስ ያሳምማል ያቅለሸልሻል ያደነዝዛል፣ ሲብስ የሌለ ነገር ያሳያል፣ ከበዛ ደግሞ እንደተኙ ይገድላል። ዊልያም ዊልመር የሚባል አሜሪካዊ የዓይን ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1921 የፃፈው ታሪክ አለ፣ አንድ ቤተሰብ ሰራተኞቹ ሳይቀሩ ቤት ውስጥ ኮቴ ይሰማሉ፣ የማያውቁትን ሰው ያያሉ፣ ራሳቸውን ያማቸዋል፣ ቤቱን መንፈስ ይዞታል ብለው ነበር፣ በኋላ ሲታይ ግን የቤቱ ማሞቂያ ምድጃ ተበላሽቶ ጭሱን ወደ ውስጥ ይለቅ ነበር። አንድ ቤት ያሉ ሰዎች አንድ ላይ እንግዳ ነገር ማየት ሲጀምሩ የምጠይቀው ለዚህ ነው። ከቤት ወጥታችሁ ስትውሉ ራስ ምታቱ የሚለቃችሁ ከሆነ ጥርጣሬዬ ይበልጥ ይጠነክራል።

አሁን ወደ ህልሙ። ህልም ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል የሚለው ነገር እኮ በምርምርም ተሞክሯል፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና 70ዎቹ ብሩክሊን ማይሞኒደስ የሚባል ሆስፒታል ውስጥ አንዱን እያስተኙ ሌላ ክፍል ያለው ሰው ስዕል እያየ ለተኛው ህልም ሊልክለት ለዓመታት ሞከሩ፣ መጀመሪያ የተሳካ መስሎ ነበር ሌሎች ሲደግሙት ግን አልወጣም። ለእናንተ ደግሞ ያን ያህል መሄድ አያስፈልግም። ሁለት ወር ሙሉ ያወራችሁት ስለ ማን ነው? አርባዋን ስትደግሱ፣ ልብሷን ስታጣጥፉ፣ ነጠላዋን ስታሸቱ ሁለታችሁም አንድ ሰው ነው በልባችሁ የነበረው፣ ህልም ደግሞ ቀን የዋልንበትን ይዞ ነው የሚሰራው። ህልም በብዛት የሚታይበት ሬም የሚባለው እንቅልፍ በየ90 ደቂቃው ገደማ እየተመላለሰ ወደ ንጋት ሲሆን ይረዝማል፣ የሚታወሰውም በብዛት መሃሉ ላይ ሲነቁ ነው። አንድ አልጋ ላይ አንዷ ስትገላበጥ ሌላዋም ትነቃለች፣ ስለዚህ ሁለታችሁም ህልማችሁን ይዛችሁ ነቃችሁ። ድምፅም ህልም ውስጥ ይገባል፣ ንጋት ላይ ጎረቤት ለኪዳን ሲወጣ በሩ ሲጥ ቢል በእናንተ ህልም እናት በር ላይ ቆማ ልትሆን ትችላለች።

ደግሞ መጀመሪያ የተናገረችው ማናችሁ ናችሁ? አንድ ህልም አየን ብለው የመጡ ባልና ሚስትን ለየብቻ ሳናግራቸው እሱ ወንዝ ሲሻገር ነው ያየው፣ እሷ ግቢያቸው በዝናብ ተጥለቅልቆ፣ ቁርስ ላይ ሲያወሩት ግን አንድ ጎርፍ ሆኗል። አልዋሹም፣ ህልም ሲነቁ እንደ ጉም ይበተናል ቀዳዳውን የምንደፍነው በሰማነው ነው። ሁለተኛ ካያችሁ ሳታወሩ በፊት ለየብቻ ፃፉት።

እህትሽን የያዛት ግን ዱካክ የምንለው ነው። በሬም ጊዜ አንጎላችን ህልሙን ተነስተን እንዳንሰራው ጡንቻችንን ያላላዋል፣ አንዳንዴ አእምሮ ይነቃና ሰውነት ይዘገያል፣ ያኔ መንቀሳቀስ የለም ደረት ይጫናል፣ ህልሙም ገና ስላልለቀቀ ክፍሉ ውስጥ የሆነ ነገር ያለ ይመስላል። ከ100 ሰው 8 የሚሆነው በህይወቱ ቢያንስ አንዴ ያየዋል፣ ተማሪዎች ላይ ደግሞ በጣም ይበዛል። ጃፓኖች ካናሺባሪ ይሉታል፣ ካናዳ ኒውፋውንድላንድ ደግሞ ደረት ላይ የምትቀመጥ አሮጊት ናት ይላሉ፣ የማይተዋወቁ አገሮች ተመሳሳይ ነገር የሚያዩት የሰው አንጎልና ሰውነት አንድ ስለሆነ ነው። እንቅልፍ ማጣት፣ በጀርባ መተኛት፣ ጫት ሲቅሙ ቆይቶ ማቆም ያባብሰዋል (የምትቅም ከሆነ ሳታፍር ለሐኪም ትንገር)። እና መብራት አብርቶ በፍርሃት ማደር እንቅልፍ ይቆርጣል፣ እንቅልፍ ሲቆረጥ ዱካኩ ይመጣል፣ ዱካኩ ሲመጣ ፍርሃቱ ይጨምራል። መብራቱን አጥፉት፣ በጎኗ ትተኛ፣ ሲይዛት ጣቷን ለማንቀሳቀስ ትሞክር፣ አንቺም ካየሻት ስሟን ጠርተሽ ንኪያት፣ በሰከንዶች ወይ በደቂቃ ይለቃታል።

ልትወስዳችሁ ነው ያሉት ጎረቤቶች ክፉ አስበው አይመስለኝም፣ ግን ሐዘንተኛ ልጅን እንዲህ ማስፈራራት በጣም ያሳዝነኛል። የሞተ ወላጅን በህልም ማየት ከሐዘን ጋር የሚመጣ የተለመደ ነገር ነው፣ ብዙ ሰውም ሲያይ ይፅናናበታል። ፀበል መሄድ ከፈለጋችሁ ሂዱ፣ የምትወስዱት መድኃኒት ካለ ግን እንዳታቋርጡ። ለኤችአይቪ የሚሰጠው ኢፋቪሬንዝና ለወባ መከላከያ የሚሰጠው ሜፍሎኩዊን ራሳቸው ህልም ያበዛሉ፣ ከነዚህ አንዱን ከጀመራችሁ ለሐኪማችሁ ንገሩ ይቀየርላችኋል። አንዳችሁ ምግብ እምቢ ካላችሁ ወይም እማዬ ጋ ብሄድ ይሻለኛል የሚል ሐሳብ ከመጣባችሁ ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ኑ፣ ብቻችሁን አትደሩ። ከሰሉን አውጥታችሁ ከ3 ቀን በኋላም ራስ ምታቱ ካልተወ ጤና ጣቢያ ሂዱ፣ ጠዋት ስትነቁ ማስመለስ ወይ ራስ መሳት ካለ ግን በር ከፍታችሁ ወዲያው ውጡና ቀጥታ ሆስፒታል ድንገተኛ፣ ማታ ከሰል እንደነበረም ለሐኪሙ ንገሩት።